ስለ ፈረሰው ቅጥርና ስለ ቀረችው ጥቂት እርምጃ

ዓይን ለሰው ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ የከበረ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዓይን መልካም አገልጋይ እንጂ መልካም ዳኛ አይደለም። ቅርቡን ሩቅ፥ ሩቁን ቅርብ እያስመሰለ ስንቱን መንገደኛ ካሰበው ሥፍራ አስቀርቶታል። ይህን ነገር እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው፤ የተማርሁትን በሚገባ ያስተዋልሁት ግን ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ አንድ ሌሊት ጨረቃን ስመለከት ነበር። አንባቢዬ «ጨረቃንና የሰውን ጥፋት ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳይፈርድብኝ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

የእኅቴ ልጅ የሰማይን ነገር የሚወድ ወጣት ነው። ቴሌስኮፕ የሚባለውን የሩቅ ማሳያ መነጽር ገዝቶ፥ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት በግቢያችን ውስጥ በሦስት እግሩ እያቆመ የሰፈሩን ልጆች ይሰበስባል። በአንድ የኅዳር ምሽት፥ ጨረቃ ከተወለደች በዘጠነኛው ሌሊት፥ እኔንም ጠራኝ። ልጆቹ ኮፐርኒከስ የተባለውን ታላቅ ክብ ጉድጓድ በየተራቸው አይተው ይንጫጩ ነበር። እኔም ተራዬ ደርሶ ባየሁት ጊዜ አደነቅሁ፤ አፋፉ ዙሪያውን እንደ ዘውድ ቆሟል፤ ከአፋፉ እስከ ወለሉ ያለው ጥልቀት ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በመካከሉም ተራሮች ተነሥተዋል።

«ጋሼ፥ ከዚህ ሌላስ ምን ላሳይዎ?» አለኝ ልጁ።

«ፍራ ማውሮ የሚባል ጉድጓድ አለ ይላሉ፤ እርሱን አሳየኝ» አልሁት።

ልጁ ፈገግ አለና «እርሱ እኮ ያረጀና የፈረሰ ነው፤ ብዙም የሚታይ ነገር የለውም» አለኝ።

«ግድ የለም፤ የፈረሰውንም ማየት እፈልጋለሁ» አልሁት።

ይህን ስም ለምን እንደ መረጥሁ ልናገር። ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዓመት በቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በሳን ሚኬሌ ደሴት በገዳም የኖረ መነኩሴ ነበረ። በ1450 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) በዘመኑ የታወቀውን ዓለም ሁሉ፥ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል በሆነ ክብ ካርታ ላይ አሰፈረው። ደቡቡን ወደ ላይ፥ ሰሜኑን ወደ ታች አድርጎ ስሎታል፤ ካርታውም ዛሬ ድረስ በቬኒስ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የነካው ስለ አገራችን የሠራው ሥራ ነው። መነኩሴው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ወደ ኢጣሊያ ይደርሱ ነበር፤ በ1441 ዓ.ም. በፍሎሬንስ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ከኢየሩሳሌም የመጡ ወገኖቻችን ተገኝተዋል። ፍራ ማውሮም በካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፥ የዚያ አገር ተወላጆች የሆኑ መነኰሳት አውራጃውን፥ ከተማውን፥ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እንደ ሳሉለት መስክሯል። ስለዚህም ነው ዓባይና ተከዜ በሩቅ ደሴት በተቀመጠ ሰው ካርታ ላይ የተገኙት። ጠቢቡ ሰው ያላየውን አገር በግምት አልሳለም፤ ያየውን ሰው ጠየቀ። ይህን ነገር አንባቢዬ በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የእኅቴ ልጅ መነጽሩን ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ «ይኸው» አለኝ። አጐንብሼ ባየሁ ጊዜ በመጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቆይቼ ስመለከት ግን፥ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት ዳር፥ አንድ የደከመ ክብ ከጥላው ውስጥ እየወጣ ታየኝ። ስፋቱ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማ የሚደርስ መንገደኛ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው። በስፋቱ ቅድም ካየነው ከኮፐርኒከስ አያንስም። ቅጥሩ ግን ረግፏል። በደቡብ በኩል ቦንፕላንድና ፓሪ ከሚባሉት ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በሚጋራው ወገን ጥቂት ቆሞ ይታያል፤ በቀረው ወገን ግን የተበታተነ ጕብታ እንጂ ቅጥር ሊባል የሚገባው አይደለም። ከፍ ያለው ሥፍራ እንኳ ከ700 ሜትር ብዙም አያልፍም። በሰሜንና በምሥራቅ ቅጥሩ ተከፍቶ የቀለጠ ድንጋይ ገብቶበት ወለሉን ሞልቶ አስተካክሎታል። ወለሉንም ረጃጅም ስንጥቆች ይከፍሉታል። በመካከሉ እንደ ኮፐርኒከስ ያለ ተራራ የለውም፤ በተራራው ፈንታ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ብቻ አለች።

«ምን አፈረሰው?» ብዬ ጠየቅሁ። እኛ አገር ተራራ የሚሸረሸረው በዝናብና በጎርፍ ነው፤ በጨረቃ ላይ ግን ዝናብ የለም፥ ነፋስም የለም፥ የሚወርድ ወንዝም የለም። ልጁም ነገሩን አስረዳኝ፤ ኋላም እኔ ራሴ ከመጻሕፍት አንብቤ አረጋገጥሁት። ከዛሬ 3.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከዚያም ቀደም ባለ ጊዜ፥ ከፍራ ማውሮ በስተሰሜን፥ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፥ አንድ እጅግ ታላቅ የሰማይ አለት ጨረቃን መታት። ከዚያ ምት የተከፈተው ገበታ ስፋቱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዛሬ የዝናብ ባሕር ይሉታል፤ ስሙ ባሕር ሆነ እንጂ አንዲት ጠብታ ውሃ አልወረደበትም። ከዚያ ምት የተወረወረው ስብርባሪ እንደ ናዳ እየተምዘገዘገ መጥቶ አካባቢውን ሁሉ ቀበረው፤ የፍራ ማውሮንም ቅጥር ፋቀው፥ ቧጨረውም። ከዚያ ወዲህ የቀለጠው ድንጋይ ፈሰሰበት። ከዚያም ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ፥ አሸዋ የሚያህሉና ከአሸዋም የሚያንሱ የሰማይ ጠጠሮች ያለ ዕረፍት ሲወርዱበት ይኖራሉ፤ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢፍቁት ነው፤ ነገር ግን ሚሊዮኑ ዓመት በሺህ ሲባዛ ሹሉን ሁሉ ያዶለዱማል። እንግዲህ ይህ ጉድጓድ የፈረሰው በራሱ ጥፋት አይደለም። ከሩቅ በመጣ ምትና በዘመን ብዛት ነው።

ልጁ አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ። «ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ቢፈልጉት ኖሮ፥ ጋሼ፥ ከነጭራሹም አያገኙትም ነበር» አለኝ። ሙሉ ጨረቃ በሆነ ጊዜ ፀሐይ በላዩ ቀጥ ብላ ስለምታበራ ጥላ የሚባል አይኖርም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጕብታውና ጐድጓዳው አንድ ይሆናል። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ ግን ያ የረገፈ ቅጥር እንኳ ጥላውን ይጥላል፤ ስንጥቁም፥ ጭረቱም፥ የተቀበረውም ነገር ይታያል። ሰው ሁሉ ብርሃን በበዛ ቍጥር የሚታየው የሚበዛ ይመስለዋል። ከላይ ሆኖ የሚፈርድ ብርሃን ግን ያረጀውን ነገር ባዶ ያደርገዋል፤ ጐንበስ ብሎ የሚመጣው ብርሃን ነው ታሪኩን የሚያወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደዚህ ወደ ፈረሰው ጉድጓድ አቅራቢያ ሰዎች ሄደው ነበር። በኤፕሪል 1970 ዓ.ም. አፖሎ 13 ሊያርፍበት ተልኮ፥ በመንገድ ላይ የኦክስጅን ማጠራቀሚያው ስለ ፈነዳ ሰዎቹ ሳያርፉ በጭንቅ ተመለሱ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1971 ዓ.ም. ግን አፖሎ 14 ከፍራ ማውሮ በስተሰሜን ባለው፥ በስሙ በሚጠራው ደጋ ላይ አረፈ። የወረዱት አላን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቼል ነበሩ። በማግሥቱ ሁለቱ ሰዎች የዕቃ ጋሪያቸውን እየጎተቱ፥ ከመንኰራኵራቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኝ፥ ኮን ወደተባለች ጉድጓድ ጉዞ ጀመሩ። ይህች ጉድጓድ 340 ሜትር ያህል ስፋት ያላት፥ በጨረቃ ዕድሜ ሲቈጠር ገና ጨቅላ ነበረች። የተፈለገችበትም ምክንያት፥ የቈፈራት ምት ከሥር የተቀበረውን የጥንቱን ድንጋይ ወደ ላይ አውጥቶ በአፋፏ ላይ ስላፈሰሰው ነው። ሊቃውንቱ ሰዎቹ አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ እንዲመለከቱ ተስፋ አድርገው ነበር።

ካርታ በእጃቸው ነበረ፤ ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ ካርታ። ነገር ግን ምድሩ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ምልክት የሚሆን ነገር የለውም። ዛፍ የለ፥ ቤት የለ፥ ሰው የለ። አየርም ስለሌለ ሩቁ አይደበዝዝም፤ የሩቁም የቅርቡም አለት እኩል ጠርቶ ይታያል። አንዱን ጕብታ አፋፉ ነው ብለው ሲወጡት ከኋላው ሌላ ጕብታ ይቆማል። የሼፐርድ የልብ ትርታ በደቂቃ 150 ደረሰ። የተሰጣቸው ጊዜ እያለቀ ስለ ሄደ ያገኙትን ድንጋይ ሰብስበው አፋፉን ሳያዩ ተመለሱ።

ኋላ ፎቶግራፎቹ ሲመረመሩ፥ ይልቁንም በ2009 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የተላከችው መንኰራኵር የእግራቸውን ዱካ ሳይቀር ከላይ አንሥታ ባሳየች ጊዜ፥ ነገሩ ተገለጠ። ሰዎቹ ከአፋፉ የቀራቸው ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው፥ በሠላሳ ሜትር ቀሩ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እኔም እንዲህ ያለ መንገድ ሄጄ ነበርና።

አባታችን በሞተ ጊዜ እኔና ታላቅ ወንድሜ በአባታችን ቤት ምክንያት ተጣላን። እርሱ በአባታችን ከተማ፥ ከአባታችን ጋር የኖረ ነው፤ እኔ በልጅነቴ ወጥቼ ኑሮዬን በአዲስ አበባ ያደረግሁ። እኔ «ቤቱ ተሸጦ እኩል እንካፈል» አልሁ፤ እርሱ «አይሸጥም» አለ። በተዝካሩ ቀን ፊቱን አየሁት፤ ድንጋይ ሆኖ ታየኝ። «ስስት ነው ፊቱን እንዲህ ያደረቀው» ብዬ በልቤ ፈረድሁበት፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ተቈራረጥን።

በሦስተኛው ዓመት እናታችን «ፋሲካን ተኳርፋችሁ አታሳልፉብኝ፤ አንተ ታናሽ ነህና ሂድ» ብላ ለመነችኝ። እኔም በቅዳም ሥዑር ተነሥቼ ሄድሁ። የወንድሜ ቤት ከዳገቱ ላይ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ከአጥሩ በር ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምሁ። በሩ ተዘግቷል። ጢስ አይታይም፥ ድምፅ አይሰማም። «ከሩቅ አይቶኝ ነው የዘጋው» አልሁ። የተዝካሩ ቀን ፊቱ በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። «ይህ ልብ አይከፈትም፤ ገና ብዙ ይቀረዋል» አልሁና ተመለስሁ። ለእናቴም «ቤቱ አልነበረም» ብዬ ዋሸኋት።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ዓመት እናታችን ዐረፈች። በአንድ ድንኳን ሥር ተቀመጥንና ሽማግሌዎች እግር ለእግር አሳሳሙን። በዚያው ሌሊት፥ ለቀስተኛው ሁሉ ሲተኛ፥ ወንድሜ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ጊዜ ለፋሲካ መጥተህ ነበር።»

«ማን ነገረህ፥ ጋሼ?» አልሁት።

«ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሬ አይቼሃለሁ። ወርጄ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበረ። ሲጠራኝ እከፍታለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ እርምጃህ ሲርቅ ሰማሁት።»

«አንተስ ለምን አልከፈትህም?»

«እኔም እንዳንተው የአባትህ ልጅ ነኝ» አለኝና አቀርቅሮ ዝም አለ።

ኋላ ከጎረቤቶቹ የሰማሁት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አባታችን ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልተነሣም ነበር። እኔ ገንዘብ እየላክሁ ግዴታዬን የተወጣሁ ሲመስለኝ፥ ሌት ተቀን ያገላበጠው፥ ያጠበው፥ ያጐረሰው ወንድሜ ነው። ያ በተዝካሩ ቀን ድንጋይ የመሰለኝ ፊት ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ቤቱን አልሸጥም ማለቱም፥ አባታችን በዚያ ቤት ውስጥ በእጁ ላይ ስለ ሞተ ነው። እኔ ግን በሙሉ ጨረቃ ብርሃን፥ ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ጥላ አልነበረውምና የተቀበረው ነገር አልታየኝም። ከዚያ ከተማ ሰዎች አንዱን፥ አንዱን እንኳ፥ «ወንድሜ እንዴት ከረመ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መንገዱን በእጁ ስሎ ያሳየኝ ነበር። የቬኒሱ መነኩሴ ያላየውን አገር ተራራና ወንዝ ጠይቆ ዐወቀ፤ እኔ የገዛ ወንድሜን ልብ ሳልጠይቅ በግምት ሳልሁት።

በዚህ ምሳሌ ሁለቱን የጨረቃ መንገደኞች ከእኔ ጋር እኩል አላደርጋቸውም። እነርሱ የሚተነፍሱት አየር የተለካ፥ ሰዓታቸውም የተቈጠረ ነበር፤ መመለሳቸው ጥበብ እንጂ ጥፋት አልነበረም። ደግሞም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ካመጡት 42 ኪሎ ግራም የሚያህል ድንጋይ መካከል፥ ከአፋፉ አጠገብ የተነሣና ብቻውን 9 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ታላቅ ድንጋይ አለ፤ እርሱም ከብዙ ዓይነት ስብርባሪ ተጣብቆ የተሠራ ነው። የኮን ጉድጓድ ዕድሜ 25 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀው ከዚያ አካባቢ በተለቀመው ድንጋይ ነው። አፋፉን አላዩትም እንጂ ከአፋፉ የፈሰሰውን ይዘው ነው የተመለሱት። እኔ ግን አየር አልጐደለኝም፥ ሰዓትም አላጠረኝም። የጐደለኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ጋሼ!» ብሎ የመጣራት ቃል። ባዶ እጄን የተመለስሁትም ስለዚህ ነው፤ የእነዚያ አራት ዓመታት ዋጋም፥ እናቴ ሁለታችንን በአንድ ገበታ ሳታየን መሞቷ ነው።

ዛሬ ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ዕድሜው ገፍቷል። ቤቱ አልተሸጠም፤ በየዓመቱ ለፋሲካ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ሥር ስደርስ ክፍት ሆኖ ባገኘውም እንኳ ከሩቁ «ጋሼ!» ብዬ እጣራለሁ። ልጆቼ በሩ ተከፍቶ ሳለ ስለ ምን እንደምጮኽ ይደነቃሉ፤ ምክንያቱን ሲያነቡት ያውቁታል።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ምናልባት የተጣላኸው ሰው ይኖርህ ይሆናል። ፊቱ የደረቀ፥ በሩ የተዘጋ፥ መንገዱም ገና ሩቅ መስሎ ይታይህ ይሆናል። አትፍረድበት፤ በመጀመሪያ ያየውን ጠይቅ። ያ የረገፈ ቅጥር የረገፈው በራሱ ክፋት ይሁን ወይስ አንተ በማታውቀው ምት፥ ጐንበስ ብለህ ካልተመለከትህ አታውቀውም። ከበሩ ደርሰህ ከቆምህም ዓይንህ «ገና ነው» ቢልህ አትመነው፤ ወደ ኋላ ከመመለስህ በፊት አንድ ጊዜ ተጣራ።